27 ጫማ ትሬለር ለሃይላንደር? መጀመሪያ የሾፌሩን በር ክፈት

ጥያቄው፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው፤ ባለ 53 ጫማ ትሬለር ስጎትት 9 ዓመቴ ነው። ለቤተሰብ ካምፒንግ የሚሆን ትሬለር አይቼ 500 ዶላር ቀብድ ከፍያለሁ። ርዝመቱ 27 ጫማ፣ ባዶ ክብደቱ 4,800 ፓውንድ ነው። መኪናዬ የ2021 ቶዮታ ሃይላንደር ቪ6 ነው፤ 5,000 ፓውንድ ይጎትታል፤ ሻጩም ‹ያለ ችግር ትጎትተዋለህ› ብሎኛል። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ፣ የ13፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች። ዘንድሮ ሼናንዶዋና አሳቲግ፣ በሚቀጥለው ሰመር ደግሞ የሎስቶንና ግሌሸር ወደሚባሉት የተፈጥሮ ፓርኮች መሄድ አስበናል። 27 ይበቃናል ወይስ 30 ጫማ ልውሰድ? በሩ ላይ ያለውን ስቲከር ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ።»

አትግዛው። 27ቱንም፣ 30ውንም። ትሬለሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሃይላንደርም ደካማ መኪና አይደለም። ሁለቱ ግን አይገጣጠሙም። ለምን እንደማይገጣጠሙ ደግሞ ራስህ በላክልኝ ፎቶ ላይ ተጽፏል።

ከ4,800 እንጀምር። ይህ ትሬለሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ክብደት ነው። ውሃ የለበትም፣ ባትሪ የለበትም፣ ድስትና ብርድ ልብስ የለበትም። በዚህ ክብደት ካምፕ የወጣ ሰው አላየሁም። የንጹህ ውሃ ታንኩ 40 ጋሎን ከሆነ፣ አንድ ጋሎን 8.3 ፓውንድ ስለሚመዝን፣ ሲሞላ 332 ፓውንድ ጨመርክ። በሁለቱ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ 40 ፓውንድ ነው። ባትሪው ወደ 60። ከዚያ የስድስት ሰው ልብስ፣ ምግብ፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ የውሃ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የልጆቹ ብስክሌት አለ። የእኛ ሰው ደግሞ ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ ከሰል ማንደጃውንና አንድ ሙሉ ኩለር ሥጋ ሳይዝ አይወጣም። ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከ700 ፓውንድ ያነሰ ዕቃ ጭኖ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ደምረው። 5,930 ገደማ ይመጣል። ገና ከግቢህ ሳትወጣ 5,000ን በደንብ አልፈሃል።

5,000ውም ራሱ አንተ እንደምታስበው አይደለም። ቶዮታን ጨምሮ ብዙ አምራቾች የመጎተት አቅምን የሚለኩት ኤስኤኢ ጄ2807 በሚባል ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መኪናው ውስጥ ይቀመጣሉ ተብለው የሚታሰቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ። ሦስተኛ ሰው ሲገባ፣ ሻንጣ ሲጫን፣ ጣራ ላይ ዕቃ ሲታሰር፣ ያ ሁሉ ከ5,000 ላይ ይቀነሳል። እናንተ ስድስት ናችሁ።

አሁን ወደ ፎቶው። ስቲከሩ ላይ የተጻፈው የሰውና የዕቃ ድምር ከ1,290 ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ነው። ሻጭ የማያነሳው፣ ገዢም የማያነበው ቁጥር ይሄ ነው። መኪናው የሚጎትተውን አይደለም የሚነግርህ፤ የሚሸከመውን ነው። ትሬለር ሲታሰር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው በሂቹ (ትሬለሩን ከመኪናው በሚያያይዘው ብረት) በኩል መኪናው ላይ ያርፋል። ይህ ክብደት ልክ እንደ ተሳፋሪ ይቆጠራል። እንግዲህ እናስላው። ለሦስት አዋቂ 465፣ ለሦስቱ ልጆች 230፣ በድምሩ 695 ፓውንድ ይዣለሁ። ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ራሱ 90 ያህል ይመዝናል። ከትሬለሩ 10 በመቶውን ብቻ ብንወስድ 593 ነው። ድምሩ 1,378። በ88 ፓውንድ አልፈሃል፤ መኪናው ውስጥ አንዲት ቦርሳ ሳትገባ። ያውም 10 በመቶ የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ትሬለሩ መወዛወዝ ይጀምራል። ጥሩ የሚባለው 12 ወይም 13 በመቶ ነው፤ እሱን ብንወስድ ትርፉ ከ200 ፓውንድ በላይ ይሆናል።

ጎንበስ ብለህ የሂቹን መቀበያም እየው። የራሱ ስቲከር አለው። 5,000 በሚጎትቱ መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 500 ይላል። 593 እዚያም አይገባም።

ትራክ ነጂ መሆንህን አቅልዬ አላይም። ወደ ኋላ ማስገባት፣ መታጠፊያ ማስፋት፣ መስታወት ማንበብ፤ ሌላው ሰው ሁለት ሰመር የሚፈጅበትን አንተ በአንድ ቅዳሜ ትጨርሰዋለህ። ግን ከስምንት ከዘጠኝ ትራክ ነጂዎች ይህንኑ ቃል ሰምቻለሁ፦ «53 እየጎተትኩ 27 ምን ያቅተኛል?» የሚያቅተው አንተን አይደለም፤ መኪናውን ነው። በትራክህ ላይ ኪንግፒኑ (የትሬለሩ ማያያዣ ፒን) የሚያርፈው ፊፍዝ ዊሉ (ትራኩ ላይ ያለው ማያያዣ ሳህን) ላይ ነው። ፊፍዝ ዊሉ ደግሞ ያለው ከድራይቭ አክስሎቹ (ትራኩን ከሚገፉት የኋላ ጎማዎች ዘንግ) በላይ ነው። ክብደቱ ቀጥ ብሎ ጎማ ላይ ይወርዳል። ሃይላንደር ላይ ግን ትሬለሩ የሚያያዝበት ኳስ ከኋላ አክስል 4 ጫማ ያህል አልፎ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። እዚያ ላይ የተጫነ ነገር የኋላውን ይጫናል፣ የፊቱን ያነሳል። የሚነሱት ደግሞ መሪ የሚታዘዙትና አብዛኛውን ፍሬን የሚይዙት ጎማዎች ናቸው። ከጎን ንፋስ ሲመታው፣ ወይም እንዳንተ ዓይነት ትራክ አጠገቡ ሲያልፍ፣ ያ የ27 ጫማ ግድግዳ በዚያች 4 ጫማ እጀታ የመኪናውን ጭራ ይጠመዝዛል። ሃይላንደር ደግሞ ከሚጎትተው ነገር ይቀልላል።

ስኬል (የትራክ መመዘኛ) ላይ ወጥተህ ታውቃለህ። 12,000 ፓውንድ ፊት፣ 34,000 ድራይቭ አክስሎቹ፣ 34,000 የትሬለሩ ታንደም አክስሎች። ድምሩ ከ80,000 በታች ቢሆንም ድራይቩ ላይ ካለፈ አልፏል። የበሩም ስቲከር እንደዚያው ነው፤ «በጠቅላላው ይጎትታል» ማለት በየአክስሉ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ዊንቸስተር አካባቢ፣ ሀይዌይ 81 ዳር ካለ ትራክ ስቶፕ አንድ አባት ደወለልኝ። መኪናው ከአንተው ጋር እኩል ነው፣ ትሬለሩ 26 ጫማ። ስደርስ የመኪናው አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል። የፊት ጎማውና የመኪናው አካል መሃል እጄን ብሰድ መዳፌ በሙሉ ገባ፤ ከኋላ ግን ሁለት ጣት ብቻ ነበር የሚገባው። «መሪው ይቀለኛል፣ ቅቤ ላይ የምነዳ ነው የመሰለኝ» አለኝ። እዚያው ስኬል ላይ አስወጣነው። የኋላው አክስል ከልኩ 410 ፓውንድ አልፎ ነበር። የውሃውን ታንክ አፈሰስን፣ ብስክሌቶቹን አወረድን፣ ኩለሮቹን ከመኪናው ወደ ትሬለሩ አዘዋወርን። አሁንም አለፈ። ሚስቱ ሁለተኛውን ልጅ እንዳቀፈች «ከማናሳስ ጀምሮ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይለን ነበር፣ ዝም ብዬ ነው» አለች። ያን ቀን ትሬለሩ እዚያው አደረ፣ እነሱ ወደ ቤት ተመለሱ። የአንተን ፎቶ ሳይ ትዝ ያለኝ ያ አክስል ነው።

ርዝመትን በተመለከተ ሕግ ያልሆነ፣ ግን ጠቃሚ የልምድ ስሌት አለ። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት 110 ኢንች ከሆነ 20 ጫማ ትሬለር ይመጥነዋል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ጫማ 4 ኢንች ያስፈልጋል። የአንተ ሃይላንደር 112.2 ኢንች ነው። ስለዚህ 20 ጫማ ተኩል አካባቢ ላይ ትቆማለህ። ለ27 ጫማ 138 ኢንች ያስፈልግሃል፤ ያ ትልቅ ፒክአፕ ማለት ነው። ትሬለሩ ቀላል ቢሆን እንኳ ረጅም ግድግዳ ንፋስ ይሰበስባል።

የርዝመቱን ቁጥር ራሱንም ተጠራጠር። በሞዴሉ ስም ላይ ያለው 24 ወይም 22 ብዙ ጊዜ የሳጥኑ ርዝመት ነው። ከፊት ያለው የብረት አንገት 3 ወይም 4 ጫማ ይጨምራል። ካምፕ ግራውንድ ስትይዝ የምትሞላው ጠቅላላውን ነው። አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ትሬለሩንና መኪናውን ደምሮ ይጠይቃል፤ ሳታነብ እንዳትይዝ።

«ስምንት ሰው ያስተኛል» የሚለውም ቃል ይጣራ። የምግብ ጠረጴዛው ታጥፎ አልጋ ሲሆን ሁለት ሰው ተብሎ ይቆጠራል። ሶፋው ሲዘረጋ ሌላ ሁለት። እዚያ ላይ የተኛ ሰው እስኪነሳ ቁርስ የሚቀርብበት ቦታ የለም። ተደራራቢዎቹ አልጋዎች የክብደት ልክ አላቸው፤ አንዳንዱ 150 ፓውንድ ብቻ ነው፣ የ13 ዓመቱ ልጅህ ደግሞ እያደገ ነው። ትሬለሩን አልጋ ቆጥረህ ሳይሆን ሌሊቱን አስበህ ምረጠው። እናትህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲነሱ በማን ላይ ተራምደው ነው መታጠቢያ ቤት የሚደርሱት? ደረጃው ለጉልበታቸው ይመቻል? ሻጩ ግቢ ውስጥ ስድስታችሁም ግቡ፣ በሩን ዝጉ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። እናትህ አልጋው ላይ ጋደም ይበሉ፣ ሽንት ቤቱን ይሞክሩት። ዝናብ የጣለ ቀን ሕይወታችሁ ያ ነው የሚሆነው።

ትልቅ ትሬለር ውሃ አይፈታም። ስድስት ሰው በትንሹ 4 ጋሎን እየተጠቀመ ቢታጠብ 24 ጋሎን ነው። የቆሻሻ ውሃ ታንኩ 30 ከሆነ በማግስቱ ሞልቷል። ካምፕ ግራውንዱ ሻወር ካለው እሱን ተጠቀሙ፤ ያኔ ትንሹም ትሬለር ይበቃል።

ስለምትሄዱባቸው ቦታዎች። ሼናንዶዋ ውስጥ ካሉት ካምፕ ግራውንዶች በአንዱም የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የለም። ስለዚህ ምጣድ ይዞ መሄድ ትርፉ ክብደት ነው፤ እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ያዙ፣ ቡናው በጋዝ ይፈላል። በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ፍጥነቱ 35 ማይል ነው። ከፍሮንት ሮያል ገብተህ ወደ ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ግራውንድ ስትወርድ የሜሪስ ሮክ ዋሻ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። አብዛኛው ትሬለር ያልፋል፣ ግን ጣራው ላይ ያለውን ኤሲ ጨምረህ ከፍታህን በወረቀት ጽፈህ መሪው አጠገብ ለጥፍ።

ወደ አሳቲግ ስትሄድ አናፖሊስ ላይ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ድልድይ ትሻገራለህ። ንፋስ ሲበረታ እንዲህ ያሉ ትሬለሮች እንዳይሻገሩ ይከለከላል፤ ሳትነሳ የድልድዩን ሁኔታ እይ። ባልደረቦችህ ትራክ ላይ የማያጋጥማቸው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ባልቲሞር ሃርበርና ፎርት ማክሄንሪ በሚባሉት ዋሻዎች ውስጥ ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የጋዝ ሲሊንደር ይዞ ማለፍ ክልክል ነው። የትሬለር ሲሊንደር በተለምዶ 20 ፓውንድ ነው። ድሮ ሰው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፤ ድልድዩ በማርች 2024 መርከብ ገጭቶት ፈርሷል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ስትሄድ 695 የሚባለውን የባልቲሞር ቀለበት መንገድ ይዘህ በምዕራብ በኩል ዙር። ጂፒኤስህ ይህን አይነግርህም።

ግሌሸር ውስጥ ጎይንግ ቱ ዘ ሰን በሚባለው መንገድ ላይ፣ በአቫላንችና በራይዚንግ ሰን መሃል፣ መኪናና ትሬለር ተደምረው ከ21 ጫማ ካለፉ አይፈቀድም። 27ም ሆነ 18 ጫማ ብትይዝ ያው ነው፤ ትሬለሩን ካምፕ ግራውንድ አቁመህ በሃይላንደሩ ትወጣለህ። የሎስቶን ላይ ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው ካምፕ ግራውንድ ሙሉ የኤሌክትሪክ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር አለው፣ ግን በድብ ምክንያት ጠንካራ ግድግዳ የሌለው ነገር አያስገቡም። ድንኳን የያዘ ሰው ማዲሰን ወይም ግራንት ቪሌጅ ይያዝ።

ታዲያ ምን ልግዛ ላልከው፣ ከስቲከሩ ተነስተን ወደ ኋላ እንቁጠር። 1,290 ላይ ቤተሰብህን 695 ቀንስ። 595 ቀረ። ለቀላል ሂች 50፣ መኪናው ውስጥ ለሚገባው ዕቃ 100 ቀንስ። 445 ቀረ። ይህ የትሬለሩ 12 ተኩል በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ ትሬለሩ ከነሙሉ ጭነቱ 3,560 ነው። ስለዚህ ስትገዛ የምታየው ባዶ ክብደቱን ሳይሆን ትሬለሩ አካል ላይ የተለጠፈውን የሙሉ ጭነት ልክ ነው። እሱ 3,500 ይሁን፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ20 ጫማ አይለፍ። ጠንካራ ግድግዳ፣ አንድ አክስል፣ አንድ ትልቅ አልጋና ሁለት ተደራራቢ፣ ትንሽ ሽንት ቤት። አራት ሰው ያስተኛል። አንተና የ13 ዓመቱ ልጅ አጠገቡ ድንኳን ትተክላላችሁ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ከአያቱ ማንኮራፋት ይልቅ ድንኳኑን ነው የሚመርጠው፤ እናንተም ሁለታችሁ ብቻችሁን የምታወሩበት ሌሊት ታገኛላችሁ።

የሚታጠፈው፣ ግድግዳው ሸራ የሆነው ፖፕአፕ ይቀላል፣ ስድስት ሰውም ያስተኛል። ለእናንተ አልመክረውም። ሸራው ለብርድ ስስ ነው፣ ዝናብ ከመታው ቤት ስትገባ ዘርግተህ ማድረቅ አለብህ፣ አልጋዎቹም ለእናትህ ከፍ ይላሉ።

ስድስታችንም አንድ ጣራ ሥር ካልተኛን ካልክ መጀመሪያ የሚቀየረው መኪናው ነው። በሩ ላይ 1,800 እና ከዚያ በላይ የሚል፣ ስድስት ሰው የሚይዝ ትልቅ ፒክአፕ ወይም ረጅም ኤስዩቪ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ በተጨማሪ ዕቃዎቹ ምክንያት በመቶዎች ፓውንድ ሊለያይ ስለሚችል በብሮሸር አትመን፤ የምትገዛውን የዚያችኑ መኪና በር ክፈት። ያኔ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ22 እስከ 25 ጫማ የሆነ ትሬለር ይበቃችኋል። 30 ጫማ ያኔም አያስፈልግህም። ታውንሃውስ ውስጥ የምትኖር ከሆነ ደግሞ ኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ግቢ ውስጥ ማቆም ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ካልፈቀደ በየወሩ የማቆሚያ ኪራይ አለብህ።

እኔ ቆርጬ የምመክርህ ትንሹን ነው፤ ያውም ከመግዛትህ በፊት ተከራየው። ለሦስት ሌሊት፣ ቅርብ ቦታ። ሁሉን ጭነህ፣ ቤተሰቡን አሳፍረህ ስኬል ላይ ውጣ። ስኬሉን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። የሎስቶንን በተመለከተ ከአሌክሳንድሪያ ከ2,000 ማይል በላይ ነው። ዋዮሚንግ ላይ ቢግሆርን ተራሮችን በመንገድ 16 ከተሻገርክ ከ9,600 ጫማ በላይ ትወጣለህ፤ ያለ ተርቦ ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ እዚያ ላይ ከሩብ በላይ ጉልበትህ የለም። እኔ ብሆን በአውሮፕላን ሄጄ እዚያው እከራይ ነበር።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ሃይላንደር የትሬለር ፍሬን መቆጣጠሪያ ይዞ አይመጣም፤ አስገጥም። ያለ እሱ የትሬለሩ ኤሌክትሪክ ፍሬን አይሠራም፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድም ከ3,000 ፓውንድ በላይ ፍሬን ይጠይቃሉ። ከ60 ማይል አትለፍ፤ አንዳንድ የትሬለር ጎማ የተሠራው ለ65 ነው። ከባዱን ዕቃ ከአክስሉ ፊት ጫን፣ ብስክሌት የትሬለሩ ጭራ ላይ አትስቀል። መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አትርገጥ። እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የመቆጣጠሪያውን የእጅ መጫኛ ቀስ ብለህ ጫን። መኪናው ሲሄድ ትሬለሩ ውስጥ ሰው አይቀመጥ፤ እናትህ «ትንሽ ጋደም ልበል» ቢሉም።

ቀብዱን ነገ ጠዋት ደውለህ ጠይቅ። ውሉ ላይ የሚመለስ መሆኑን አንብብ፤ መኪናው እንደማይሸከመው የስቲከሩን ፎቶ አሳያቸው። አንመልስም ካሉ 500 ዶላሩን ተወው።